የስኳር መርፌ ጀምሬያለሁ፣ አሁንም በእግር መሄድ አለብኝ? ስለ ፔፕታይድ፣ ስለ ጡንቻና ስለ ደም ስኳር

 

ሰሞኑን በውስጥ መስመር በብዛት ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አንዱ ይሄ ነው፦ «ዶክተር፣ ኦዘምፒክ ጀምሬያለሁ። ስኳሬ ወርዷል፣ ኪሎዬም እየቀነሰ ነው። እና አሁንም ስፖርት መስራቱ ግድ ነው?» በተቃራኒው ደግሞ «እኔ ጂም እሰራለሁ፣ መርፌው ለምን ታዘዘልኝ?» የሚሉኝ አሉ። ሁለቱም ጥያቄ የሚነሳው ከአንድ ሃሳብ ነው፤ መርፌውና እንቅስቃሴው አንድ ዓይነት ስራ የሚሰሩ፣ አንዱ ካለ ሌላው ቢቀር ችግር የሌለው ይመስለናል። አይደለም። ሁለቱ ስኳር የሚያወርዱት በተለያየ በር ነው። አንዱ በር ተዘግቶ ሲቀር ምን እንደሚመጣ በታካሚዎቼ ላይ እያየሁ ስለሆነ ዛሬ ረዘም አድርጌ ልፃፍላችሁ። ቡናችሁን ያዙ፤ ያለ ስኳር ቢሆን ደስ ይለኛል።

ከአንዲት ታካሚዬ ልጀምር። ማንነታቸው እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀያይሬዋለሁ።

ዕድሜያቸው 50ዎቹ አጋማሽ ላይ ነው፤ ዓይነት 2 የስኳር ህመም እንዳለባቸው ካወቁ 9 ዓመት ሆኗቸዋል። ሜትፎርሚን እና ግሊመፒራይድ የሚባሉትን ኪኒኖች ይወስዳሉ። ውጭ ሀገር ያለች ልጃቸው ደግሞ የሴማግሉታይድ ፔን (ኦዘምፒክ) በሰው እጅ ትልክላቸዋለች። በ7 ወር ውስጥ 12 ኪሎ ቀንሰው መጡ። የሦስት ወሩ የስኳር ምርመራ፣ ኤዋንሲ የምንለው፣ ከ9.2 ወደ 6.8 ወርዷል። እሳቸውም ደስ ብሏቸዋል፣ እኔም ደስ ብሎኛል። ሊሄዱ ሲነሱ ግን የወንበሩን መደገፊያ በሁለት እጃቸው ጨብጠው «ወይ እመቤቴ!» ብለው ነው የተነሱት።

«ምነው እናቴ?» አልኳቸው።

«ምን እባክህ ልጄ፣ ኪሎዬ ቀለለ፣ ደረጃው ግን ከበደኝ። ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ እኮ ነው ያለሁት። ድሮ አንዴ አርፌ የምወጣውን አሁን ሦስቴ አርፋለሁ።»

ስጠይቃቸው፣ ድሮ ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን በእግራቸው ይመላለሱ ነበር። መርፌውን ሲጀምሩ አቅለሸለሻቸውና ተዉት። ማቅለሽለሹ ሲቆም ደግሞ ስኳሩ ወርዶ አገኙት፤ «ከወረደማ ለምን እደክማለሁ» ብለው በዚያው ቀሩ።

12 ኪሎ የቀነሰ ሰው ደረጃ እንዴት ይከብደዋል? መልሱን ለማግኘት መጀመሪያ መርፌው ምን እንደሚሰራ፣ ቀጥሎ ጡንቻ ምን እንደሚሰራ ማየት አለብን።

ፔፕታይድ ምንድን ነው?

ፔፕታይድ የሚለው ቃል አሁን አሁን ቲክቶክ ላይ እንደ ምትሃት ሆኗል። ነገሩ ግን ቀላል ነው። አሚኖ አሲድ የሚባሉ ጥቃቅን ነገሮች እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ተሰክተው አጭር ሰንሰለት ሲሰሩ ፔፕታይድ እንላቸዋለን፤ ሰንሰለቱ በጣም ሲረዝም ፕሮቲን ይባላል። ሁላችሁም የምታውቁት ኢንሱሊን 51 አሚኖ አሲድ ያለው ፔፕታይድ ነው። ቶሮንቶ ውስጥ በጥር 1922 (እ.ኤ.አ) ሊዮናርድ ቶምፕሰን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ የመጀመሪያውን የኢንሱሊን መርፌ ሲወጋ፣ ያ ልጅ በፔፕታይድ ታከመ ማለት ነው። ስለዚህ «ፔፕታይድ እየወሰድኩ ነው» ማለት ብቻውን ምንም አይነግረኝም። የትኛውን ነው?

ዛሬ የምናወራው ጂኤልፒ-1 ስለሚባለው ነው። ይሄ ሆርሞን ምግብ ስንበላ ከአንጀታችን የሚወጣ ነው። በ1960ዎቹ ተመራማሪዎች አንድ የሚገርም ነገር አዩ፦ ስኳር በአፍ የጠጣ ሰው፣ ያንኑ ስኳር በደም ስሩ ከተሰጠው ሰው የበለጠ ኢንሱሊን ያመነጫል። አንጀት ለቆሽት «ምግብ መጥቷል፣ ተዘጋጂ» ብሎ መልዕክት ይልካል ማለት ነው። ከመልዕክተኞቹ አንዱ ጂኤልፒ-1 ነው።

መልዕክተኛው በርካታ ስራ አለው። ቆሽት ኢንሱሊን እንድትለቅ ያደርጋል፤ ጥሩነቱ ደግሞ ይሄን የሚያደርገው በዋናነት ስኳር ከፍ ሲል ነው፤ ስኳሩ ሲወርድ እሱም ዝም ይላል። ጉበት ስኳር እንዲለቅ የሚያዘውን ግሉካጎን የሚባል ሆርሞን ይቀንሳል። ጨጓራ ምግቡን ቀስ እያለ ወደ አንጀት እንዲያወርድ ያደርጋል። አንጎል ላይ ደግሞ «በቃኝ፣ ጠገብኩ» የሚለውን ስሜት ያመጣል።

ችግሩ ሰውነታችን የሚሰራው ጂኤልፒ-1 ዕድሜው 2 ደቂቃ ገደማ ብቻ መሆኑ ነው። ወዲያው የሚቆርጠው ኢንዛይም አለ። ለዚህ መፍትሄው የመጣው ካልታሰበ ቦታ ነው፤ አሜሪካ በረሃ ውስጥ ከምትኖር ጊላ ሞንስተር ከምትባል መርዘኛ እንሽላሊት! ዶክተር ጆን ኢንግ የሚባሉ ተመራማሪ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከዚህች እንሽላሊት መርዝ ውስጥ ጂኤልፒ-1ን የሚመስል፣ ግን ቶሎ የማይቆረጥ ፔፕታይድ አገኙ። ከዚያ ላይ ተነስቶ ኤክሴናታይድ የሚባለው መድኃኒት በ2005 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ፤ በቀን ሁለቴ የሚወጋ ነበር። ከዚያ በቀን አንዴ የሚወጋው ሊራግሉታይድ መጣ። ሴማግሉታይድ ደግሞ ደም ውስጥ ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ በሳምንት አንዴ በቂ ሆነ፤ ኦዘምፒክ በሚለው ስም የተፈቀደው በ2017 መጨረሻ ነው። በ2022 የተፈቀደው ቲርዜፓታይድ (ማንጃሮ) ጂአይፒ የሚባለውን ሁለተኛ የአንጀት መልዕክተኛም ጨምሮ ይዟል።

ጥሩ መድኃኒቶች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅትም በመስከረም 2025 (እ.ኤ.አ) ከስኳር ህመም ጋር የልብ ወይም የኩላሊት ችግርና ከመጠን ያለፈ ውፍረት ላለባቸው ሰዎች አስፈላጊ ከሚባሉ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል። እኔ መርፌውን የምቃወም ሰው አይደለሁም፤ ይሄን ቀድሜ ልናገር፣ ኮመንት ላይ እንዳንጣላ።

ጡንቻስ ምን ይሰራል?

ስኳር ደም ውስጥ ሲገባ መግቢያ ቤት ይፈልጋል። ትልቁ ቤት ጡንቻ ነው። ኢንሱሊን እየሰራ ባለበት ሰዓት ከደም ከሚወጣው ስኳር አብዛኛውን፣ በላብራቶሪ በተደረጉ ልኬቶች እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን፣ የሚቀበለው ጡንቻ ነው። ኢንሱሊን የበሩ ቁልፍ ነው ይባላል፤ ሲመጣ ጡንቻው ውስጥ ተቀምጠው የነበሩ የስኳር በሮች (ግሉት-4 ይባላሉ) ወደ ላይ ወጥተው ይከፈታሉ።

ዓይነት 2 ስኳር ያለበት ሰው ላይ ይሄ ቁልፍ ይዝጋል። ኢንሱሊን አለ፣ አንዳንዴ እንዲያውም ከሌላው ሰው በላይ አለ፣ በሩ ግን በደንብ አይከፈትም።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ጡንቻ ሲንቀሳቀስ እነዚያን በሮች ያለ ኢንሱሊን ራሱ ይከፍታቸዋል! ቁልፉ ቢዝግም ከውስጥ ገፍቶ እንደሚከፍት ሰው ማለት ነው። ለዚህ ነው ኢንሱሊን እምቢ ያለው ሰው እንኳ 15 ደቂቃ ተራምዶ ሲለካ ስኳሩ ወርዶ የሚያገኘው። ደግሞ በዚያ አያበቃም። እንቅስቃሴው ካለቀ በኋላ ጡንቻው የጨረሰውን ክምችት ለመተካት ስኳር መሳቡን ይቀጥላል፣ ለኢንሱሊንም ይታዘዛል፤ ይሄ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይቆያል። «ሁለት ቀን በላይ ተከታታይ ሳትንቀሳቀሱ አትቆዩ» የምንላችሁ ከዚህ ስሌት ተነስተን ነው። እሁድ ብቻ እንጦጦ ወጥቶ ሳምንቱን ሙሉ መቀመጥ ጥሩ መዝናናት ነው፣ ለረቡዕ ስኳር ግን አይደርስም።

እስቲ ሮቷችሁን አስቡት። ውሃው ሞልቶ እየፈሰሰ ነው። መርፌው ከላይ የሚገባውን ቧንቧ ጠበብ ያደርጋል፦ ትንሽ ትበላላችሁ፣ ጨጓራ ቀስ ብሎ ያወርዳል፣ ጉበትም ስኳር መልቀቁን ይቀንሳል። እርግጥ ኢንሱሊኑን በማስነሳት መውጫውንም ያግዛል። ዋናው መውጫ ግን ጡንቻ ነው፤ እሱን የሚያሰፋው እንቅስቃሴ ነው። ከላይ እየጠበበ ከታችም መውጫው እየጠበበ ከሄደ፣ ቧንቧው እንደገና የተከፈተ ቀን ምን እንደሚሆን መገመት አይከብድም።

መውጫው ደግሞ በእርግጥም ሊጠብ ይችላል። በማንኛውም መንገድ ክብደት ሲቀንስ፣ በፆምም በዳይትም በመርፌም፣ የሚሄደው ስብ ብቻ አይደለም። በሴማግሉታይድ ላይ ከተደረጉት ትልልቅ ጥናቶች በአንዱ የተሳታፊዎቹ ሰውነት በማሽን ሲለካ፣ ከቀነሱት ክብደት ወደ 40 በመቶ የሚጠጋው ከስብ ውጭ የሆነ ክብደት ነበር። ይሄ ሁሉ ጡንቻ ነው ማለት አይደለም፣ ውሃና ሌላም አለበት፤ ጡንቻም ግን አለበት። የኔ ታካሚ 12 ኪሎ ቀነሱ ስንል ከዚያ ውስጥ ጥቂት ኪሎው ደረጃ የሚያወጣቸው ጭናቸው ነበር። ዕድሜ ከ50 በላይ ሲሆን ደግሞ ጡንቻ በራሱም እየቀነሰ ነው የሚሄደው። መልሱ ይሄው ነው፦ የተሸከሙት ቀለለ፣ ተሸካሚው ደግሞ ከዚያ በላይ ደከመ።

ሁለቱ ሲገናኙ

አንድ ጥናት ልንገራችሁ፤ በጣም የምወደው ጥናት ነው። ዴንማርክ ውስጥ ተሰርቶ በ2021 የወጣ ነው። ከመጠን ያለፈ ውፍረት ያለባቸውን፣ የስኳር ህመም ግን የሌለባቸውን 195 ሰዎች ወሰዱ። ለ8 ሳምንት በቀን 800 ካሎሪ ብቻ አበሏቸው፤ በአማካይ 13 ኪሎ ቀነሱ። ይሄን ያህል እንኳ ብዙ ሰው ያደርገዋል። ከባዱ ከዚያ በኋላ ነው፣ አይደል?

ከዚያ ለአንድ ዓመት በአራት ቡድን ከፈሏቸው። አንደኛው ቡድን ባዶ መርፌ ብቻ ተሰጠው፤ 6 ኪሎ ገደማ መልሶ ጨመረ። ሁለተኛው ስፖርት ብቻ ሰራ፤ 2 ኪሎ ገደማ መለሰ። ሦስተኛው ሊራግሉታይድ መርፌ ብቻ ወሰደ፤ የቀነሰውን ይዞ ቆየ፣ ትንሽም ጨምሮ ቀነሰ። አራተኛው ሁለቱንም አደረገ፤ ተጨማሪ 3 ኪሎ ተኩል ገደማ ቀነሰ፣ የቀነሰው የስብ መጠንም እያንዳንዱ ብቻውን ካመጣው ወደ እጥፍ የሚጠጋ ነበር።

እኔን የሳበኝ ግን ኪሎው አይደለም። ኤዋንሲ፣ ሰውነት ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ እና የልብና የሳንባ ብቃት፣ ሦስቱም አንድ ላይ የተሻሻሉት ሁለቱንም ባደረገው ቡድን ላይ ብቻ ነው። ከዚያ መድኃኒቱም ክትትሉም ቆመ። ከዓመት በኋላ ተመልሰው ሲያዩአቸው፣ መርፌ ብቻ ሲወስዱ የነበሩት ስፖርት ሲሰሩ ከነበሩት ይልቅ ብዙ ኪሎ መልሰዋል።

ይሄ የመጨረሻው ነጥብ ለእኛ በተለይ ትልቅ ነገር ነው። ለምን? መርፌው ያልቃል። ዋጋው ይወደዳል፣ አምጪው ሰው በረራው ይተላለፋል፣ ፋርማሲው «የለም» ይላል። በሌላ ጥናት ሴማግሉታይድ ያቆሙ ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ክብደት ሁለት ሦስተኛውን መልሰዋል። የኔ ታካሚም ላይ ደርሷል፤ ፔኑ ሁለት ወር ሲቋረጥባቸው በባዶ ሆድ የሚለኩት ስኳር ወደ 200 ተመለሰ።

በነገራችን ላይ ተቃራኒውን ስህተት አትስሩ፤ ስፖርት ብቻውን ብዙ ኪሎ አይቀንስም። «ሦስት ወር ጂም ሄጄ 2 ኪሎ ብቻ!» ብላችሁ የምትበሳጩ፣ ሚዛኑን ትታችሁ ስኳራችሁን ለኩ። ስፖርቱ እየሰራ ያለው እዚያ ነው።

ጥንቃቄ! እኔም ያጠፋሁት ነገር

እኚያን እናት «ነገ ጠዋት መራመድ ይጀምሩ» ብዬ ላክኋቸው። በሳምንታቸው ልጃቸው ደወለልኝ። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መንገድ ላይ ላብ አጠመቃቸው፣ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ ዓይናቸው ብዥ አለ። አንዲት ባለ ሱቅ አስቀምጣ ለስላሳ አጠጣቻቸው። ቤት ገብተው ሲለኩ እንኳ ገና 68 ነበር።

ምን ሆነ? የረሳሁት ግሊመፒራይዱን ነው። ይሄ ኪኒን ስኳር ከፍ አለ ዝቅ አለ ሳይል ቆሽትን «ኢንሱሊን ልቀቂ» እያለ ይጨምቃል። ድሮ ሙሉ እንጀራ ሲበሉ የታዘዘ መጠን ነው፤ አሁን በመርፌው ምክንያት ሩብ አይጨርሱም። በዚያ ላይ በባዶ ሆድ 40 ደቂቃ ጨመርንበት። መጠኑን ቀድሜ መቀነስ ነበረብኝ። ጥፋቱ የእሳቸው አልነበረም፣ የኔ ነው።

ስለዚህ ይሄን በደንብ ያዙልኝ። ሴማግሉታይድ ብቻውን ወይም ከሜትፎርሚን ጋር የሚወስድ ሰው ሲንቀሳቀስ ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ የመውረድ ዕድሉ አነስተኛ ነው። ግሊመፒራይድ፣ ግሊቤንክላማይድ (ብዙዎቻችሁ ዳዎኒል የምትሉት) ወይም ኢንሱሊን አብሮ ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ስፖርት ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪማችሁ ጋር ሄዳችሁ መጠኑን አስተካክሉ፤ በራሳችሁ ግን አታቋርጡ። ከእንቅስቃሴ በፊት ለኩ፤ ከ90 በታች ከሆነ ሙዝ ወይም ቁራሽ ዳቦ ብሉና ውጡ። መንገድ ላይ ላብ ላብ ካላችሁ፣ ከተንቀጠቀጣችሁ፣ ልባችሁ ከመታ፣ ቁሙ። ከ70 በታች ከሆነ፣ መለኪያ ከሌላችሁም ሳትጠብቁ፣ 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ ጠጡ (ያለ ስኳር የሚባለው ዓይነት አይሆንም!)። ከ15 ደቂቃ በኋላ ድገሙና ለኩ። ኪሳችሁ ውስጥ ከረሜላ አይጥፋ። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አታድርጉ፤ ወደ ጤና ተቋም ሩጡ።

አንድ ሌላ የሚያስደነግጥ ነገር አለ፣ በተቃራኒው። ከባድ ክብደት ካነሳችሁ ወይም በጣም ከሮጣችሁ በኋላ ስትለኩ ስኳሩ ከፍ ብሎ ልታገኙት ትችላላችሁ። አድሬናሊን ጉበትን አስነስቶ ነው። ብዙውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይወርዳል፤ «ስፖርት አልተስማማኝም» ብላችሁ እንዳትተዉት።

በተግባር እንዴት ላድርገው?

ከሁሉ ቀላሉና ማንም ሊያደርገው የሚችለው ከምግብ በኋላ መራመድ ነው። ኒውዚላንድ ውስጥ ዓይነት 2 ስኳር ያለባቸው 41 ሰዎች ላይ በ2016 የወጣ ጥናት አለ። በቀን አንዴ፣ በፈለጉት ሰዓት 30 ደቂቃ መራመድን፣ ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ 10 ደቂቃ መራመድ ጋር አወዳደሩ። ድምሩ ያው 30 ደቂቃ ነው። ከምግብ በኋላ የተራመዱት ጊዜ ከምግብ በኋላ የሚወጣው ስኳር በአማካይ 12 በመቶ ያነሰ ነበር፤ ከእራት በኋላ ደግሞ 22 በመቶ። ለምን እራት? ከባዱን ምግብ የምንበላው ማታ ነው፣ ከበላን በኋላ ደግሞ ሶፋ ላይ ነን። የኛም ቤት ያው ነው፤ እራት፣ ከዚያ ድራማ። ውጭ ጨለማ ከሆነ ወይም የሰፈሩ ውሻ የማያስወጣ ከሆነ ኮሪደር ላይ ስልክ እያወራችሁ ተመላለሱ። እሱም ይቆጠራል።

መራመድ ብቻውን ግን የሄደውን ጡንቻ አይመልስም። ጡንቻ ጭነት ይፈልጋል። በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን። ጂም መክፈል አይጠበቅባችሁም፦ ከወንበር ሳትደገፉ መነሳትና መቀመጥ፣ ግድግዳ ተደግፎ ፑሽአፕ፣ ደረጃ መውጣት፣ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሞልቶ ማንሳት። መጨረሻ ላይ «ሁለት ብቻ ነው የቀረኝ» የሚያሰኝ ከሆነ ልክ ነው። ጨርሶ ካልከበዳችሁ ጡንቻው ስራ መኖሩን አላወቀም።

መርፌው በጀመረበትና መጠኑ በጨመረበት ሳምንት ማቅለሽለሽ የተለመደ ነው። በዚያ ሳምንት ቀለል አድርጉት፤ 10 ደቂቃ ይሁን፣ ግን አታቁሙት። የኔ ታካሚ የጠፉት እኮ በዚህች ሳምንት ነው። ውሃ አስታውሳችሁ ጠጡ፣ ምክንያቱም ምግብ ሲቀር ጥማትም የሚቀንስ ሰው አለ። የሚያስመልሳችሁና የሚያስቀምጣችሁ ከሆነ ግን ስፖርቱን ትታችሁ ሐኪም ጋር ሂዱ፤ ኩላሊት ይጎዳል። ጠንካራ የማያቋርጥ የሆድ ህመም ወደ ጀርባ የሚወጋ ከሆነ ደግሞ ለነገ አይባልም።

ምግቡ ሲያንስ ደግሞ ሳህኑ ላይ መጀመሪያ የሚበላው ፕሮቲኑ ይሁን። እንቁላል፣ አይብ፣ ዓሣ፣ ዶሮ፤ በፆም ቀን ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ወፈር ያለ ሽሮ። በእንጀራው ጀምራችሁ ምስሩ ላይ ስትደርሱ ከጠገባችሁ ጡንቻው ጦሙን አደረ ማለት ነው።

ስለ ፆም ካነሳን፣ ስግደት እውነተኛ የጡንቻ ስራ ነው። ሁለት መቶ ጊዜ ወርዶ የሚነሳ ሰው ጂም የሄደ ያህል ጭኑን አሰርቷል። ረመዳን ላይም ተራዊህ እንደ አካል እንቅስቃሴ ይቆጠራል፤ ሌላ ከባድ ስፖርት ከላዩ መጨመር አያስፈልግም። ነገር ግን ግሊመፒራይድ ወይም ኢንሱሊን የምትወስዱ ሰዎች፣ ከፆሙ በፊት መድኃኒታችሁን ሐኪም ያስተካክልላችሁ። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ወይም ከመግሪብ በፊት በባዶ ሆድ ረጅም መንገድ አትሂዱ፤ ከተፈሰከ ወይም ከተፈጠረ በኋላ ተራመዱ። በፆም ላይ ሳላችሁ ከ70 በታች ከወረደ ፆሙን ፍቱ።

እግራችሁ የሚደነዝዝ ከሆነ ከመውጣታችሁ በፊት ጫማችሁን ገልብጣችሁ አራግፉ፤ ስትገቡ ጣቶቻችሁን መሃል እዩ። ዓይናችሁን ካልተመረመራችሁ ከመርፌውም ከከባድ ክብደትም በፊት ተመርመሩ። የቆየ የዓይን ጉዳት ያለበት ሰው ላይ ስኳር በድንገት ሲወርድ ጉዳቱ ሊባባስ ይችላል።

ቴሌግራም ላይ ስለሚሸጠው

በየቀኑ ፎቶ ይላክልኛል። «ዶክተር፣ ይሄ ኦሪጅናል ነው?» ከፎቶ አይታወቅም። የዓለም ጤና ድርጅት በሰኔ 2024 (እ.ኤ.አ) ስለ ሐሰተኛ ሴማግሉታይድ ማስጠንቀቂያ ያወጣው ምርቱ ብራዚል፣ እንግሊዝና አሜሪካ ውስጥ ስለተገኘ ነው። እነሱ ጋር ከገባ እኛ ጋር አይገባም ብሎ ማሰብ ይከብዳል። በጠርሙስ ዱቄት ሆኖ «ለምርምር ብቻ» ተብሎ የሚሸጠውን ደግሞ ጨርሶ አትንኩት። ቢፒሲ-157፣ ገና ጥናት ላይ ያለው ሬታትሩታይድ፣ «ጡንቻ የሚሰራ ፔፕታይድ» የሚባለው ሁሉ እዚህ ውስጥ ነው። ውስጡ ምን እንዳለ፣ ስንት እንዳለ የሚያረጋግጥላችሁ የለም። ጡንቻ የሚሰራው ወንበሩ ነው፤ እሱ ቤታችሁ አለ።

ከውጭ የሚላክላችሁም ብትሆኑ፦ ያልተከፈተ ፔን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል፤ በረዶ ከሰራበት ይጣላል። መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ የዋለ ፔን አይታመንም። አንዱን ፔን ለሁለት ሰው መጠቀም፣ መርፌው ቢቀየርም፣ አይቻልም፤ ባልና ሚስትም ብትሆኑ። እርጉዝ ለሆነች ወይም ለማርገዝ ላሰበች ሴት፣ በቤተሰባቸው ሜዱላሪ የሚባለው የእንቅርት ካንሰር ላለባቸው፣ የቆሽት ብግነት ለነበረባቸው ሰዎች ሐኪም ሳያያቸው አይሰጥም። ዓይነት 1 ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ በዚህ መርፌ ኢንሱሊኑን መተካት አይችልም።

መርፌውን መግዛት ለማትችሉ፣ እናንተ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ፤ ከላይ የፃፍኩት የጡንቻ ክፍል በሙሉ ለእናንተም ይሰራል። ከሜትፎርሚን ጋርም ይሰራል።

እኚያ እናት አሁን ግሊመፒራይዱን አቁመንላቸዋል። ቁርስ ቀመስ አድርገው ነው ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት፣ በፆም ደግሞ ማታ ከእራት በኋላ። ቡና ሲፈላ እስኪወጣ ድረስ ከበርጩማ መነሳትና መቀመጥ ይሰራሉ፤ የልጅ ልጃቸው ይቆጥርላቸዋል። ባለፈው ወር ፔኑ እንደገና ዘግይቶ ነበር። ስኳሩ ጨምሯል፤ ወደ 150። 200 አልደረሰም። ደረጃውን አንዴ ነው የሚያርፉት።

አሁን ስልኩን አስቀምጡና አንድ ነገር ሞክሩ። ጠንካራ ወንበር ግድግዳ አስደግፉ፣ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አጣምሩ፣ 5 ጊዜ ቶሎ ቶሎ ተነስታችሁ ተቀመጡ፣ ሰው ሰዓት ይያዝላችሁ። ከ15 ሰከንድ በላይ ከፈጀባችሁ ጡንቻችሁ ደክሟል ማለት ነው፤ መርፌ እየወሰዳችሁ ከሆነ በቀጣዩ ቀጠሮ ለሐኪማችሁ ንገሩ። ስንት ሰከንድ እንደፈጀባችሁ ኮመንት ላይ ፃፉልኝ፤ ከእናንተ ይልቅ እናትና አባታችሁን ብትለኩልኝ ደግሞ ደስ ይለኛል።